የማይከፋፈል ሸክም

በወለጋ ምድር ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ጠባዩን ይለውጣል። ከነቀምት ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆና ወደ ደምቢ ዶሎ ከሚያመሩት አውራ ጎዳናዎች ወጥቶ ወደ መንደር መንገድ የሚታጠፍ ባለብስክሌት፣ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ሲሰነቀር፣ ካቴናው አልዞር ሲል ያያል። ያን ጊዜ ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው ያነሣል፤ ዳገቱንም በእግሩ ይወጣል። ሲሸከመው የቆየው ዕቃ በተራው ሸክም ይሆንበታል።

በሌላው ዓለም ይኸው ችግር ስፖርት ሆኗል፤ ሳይክሎክሮስ ይባላል። የመጀመሪያው ብሔራዊ ሻምፒዮና እ. ኤ. አ. በ1902 በፈረንሳይ ተካሄደ፤ የዓለም ሻምፒዮናውም በ1950 በፓሪስ ተጀመረ። ተወዳዳሪው ጭቃ፣ አሸዋና ዳገት ባለበት አጭር ዙር ይመላለሳል፤ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የሳንቃ መሰናክል ሲገጥመው ወርዶ፣ ብስክሌቱን አንሥቶ፣ ተሻግሮ እንደገና ይፈናጠጣል።

ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ውድድር የሚገባ ጀማሪ ሲነሡ በመካከላቸው ነው። ጥቂት ቆይቶ ጀርባቸውን ያያል፤ ከዚያም ጀርባቸውንም ያጣል። ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ሌሎቹ ሳይቆሙ የሚወርዱበትን ስፍራ እርሱ በመውደቅ ያልፈዋል። ብስክሌቱን የሚያነሣለት የለም። እንግዲህ ሸክምን የማይካፈል ባልንጀራ ባልንጀራ ሊባል ይገባዋልን?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ይሁን እንጂ ሸክም ሁሉ ሎሚ አይደለም። አንዳንዱ አይከፋፈልም። የወለጋ ገበሬ አማርኛው ወንፈል በሚለው፣ እርሱ ግን ዳዶ ብሎ በሚጠራው የሥራ ልውውጥ ይህን ያውቃል። ማጭድ መያዝ የሚጀምር ልጅ በአጫጆች መካከል ሲቆም ማጭዱን የሚይዝለት አይኖርም፤ እጅ አያያዙን ግን ከግራና ከቀኝ ካሉት ይማራል። እንግዲህ ባልንጀራ ጀማሪውን ከሸክሙ አያሳርፈውም፤ አሸካከሙን ያሳየዋል፤ ስፍራውንም ይጠብቅለታል እንጂ።

በዓለም አቀፍ የሳይክሎክሮስ ውድድር መሪው ሊደርበው የተቃረበ ተወዳዳሪ ከውድድሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ጠባብ በሆነ መንገድ ይህ ደንብ ተገቢ ነው። የውድድሩን ደንብ የቡድኑ ሕሊና ያደረገ ግን ተተኪውን በገዛ እጁ ያባርራል። የዛሬው መሪም አንድ ቀን ኋለኛ ነበረና።

የኢትዮጵያ ብስክሌት ራሱ በዓለም አደባባይ ጀማሪ የነበረበት ቀን አለ። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ በኅዳር ወር 1949 ዓ. ም.፣ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ጸሐዬ ባሕታና ንጉሤ መንግሥቱ በጎዳናው ውድድር ተሰለፉ። የዚያ ዕለት የቡድን ውጤት ይሰላ የነበረው ከየአገሩ ቀድመው የገቡትን የሦስት ሰዎች ደረጃ በመደመር ነው። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ አንደኛ ወጣ፤ አገሩ ግን በቡድን ሜዳሊያ አላገኘችም። ወርቁን ፈረንሳይ በ22 ነጥብ ወሰደች፤ ብሪታንያ በ23 ነጥብ ሁለተኛ ሆነች። በአንድ ነጥብ በተለያየው በዚያ ሒሳብ የሦስተኛው ሰው ድካም ከፊተኛው እኩል ተቆጠረ። ሳይክሎክሮስም ቢሆን እ. ኤ. አ. በ2023 በዓለም ሻምፒዮናው የቅብብል ውድድርን በይፋ አካትቷል፤ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዙር ይነዳሉ፤ ወጣቱ ከታወቀው ጋር በአንድ ሰዓት ይለካል።

ከዚህ ሁለት ዕዳ ይወለዳል። ቡድኑ ኋለኛውን ከቁጥሩ እንዳያወጣ፣ የወደቀበትንም ስፍራ ለመሣቂያ ሳይሆን ለትምህርት እንዲያውለው ይጠየቃል። ጀማሪውም ስለ ዝግመቱ አይወቀስም፤ ዙሩን ሳይፈጽም ስለ ማቋረጡ ግን ይጠየቃል። የሚጠብቀው ሰው እያለ ያቋረጠ፣ የባከነው የራሱ ድካም ብቻ አይደለምና።

መምህር በክፍሉ፣ አዘጋጅ በመድረኩ፣ ኃላፊ በጽሕፈት ቤቱ ይህንኑ ፈተና ይፈተናሉ። ፊተኞቹን ማመስገን ቀላል ነው። በነቀምት ወይም በሻምቡ ጭቃ ውስጥ ብስክሌቱን በትከሻው ይዞ የሚመጣው ወጣት ሲደርስ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው መኖር አለመኖሩ ግን ቡድን መኖር አለመኖሩን ይለያል።