ራስን አለመጠበቅ ፍቅር ነውን?

ውድ ወጣቶች፣ እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እንመርምር። የመኪና አደጋ ደርሶ አንድ ሰው አስፋልት ላይ ደም በደም ሆኖ ወድቋል እንበል። አምቡላንስ ደረሰ። አንደኛው ባለሙያ ግራና ቀኝ ሳያይ፣ ጓንት ሳያጠልቅ፣ ዘሎ ወርዶ ሮጠ። ሁለተኛው መኪኖች መቆማቸውን አረጋገጠ፤ ጓንቱን አጠለቀ፤ ከዚያ ወደ ተጎጂው ቀረበ። ተጎጂውን ይበልጥ የወደደው የትኛው ነው?

ብዙዎቻችን ወደ መጀመሪያው እናደላለን። ራሱን ረስቷልና! መሥዋዕትነት ሲወደስ እየሰማን ስላደግን ጥንቃቄ ፍርሃት ይመስለናል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ግን ገና ከጅምሩ የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ ተጎጂውን ከመንካታችሁ በፊት ስፍራው ለእናንተም አደጋ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ ይላል። ረጂው ከወደቀ ተጎጂዎቹ ሁለት ይሆናሉ፤ ረጂ ግን አይኖርም።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ያልተጠነቀቀ ሰው ዕዳውን ብቻውን አይከፍልም። የመርፌን ነገር ተመልከቱ። ኤችአይቪ በደሙ ካለበት ታካሚ በወጣ መርፌ የተወጋ ሠራተኛ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 3 ያህል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ነው የተሠራበት መርፌ ተመልሶ ሳይከደን ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ የሚጣለው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ መወጋቱን የደበቀ ሠራተኛ ይህን ጊዜ ያባክናል፤ ጉዳቱም ቤቱ ድረስ፣ እስከ ትዳር ጓደኛው ሊደርስ ይችላል።

ሾፌሩንም አስቡ። ሳይረን እያሰማ መስቀለኛ መንገዱን ሳያይ ቢያቋርጥ ደፋር ይባል ይሆናል። ዜብራው ላይ ያለችው እናት ግን ለዚህ ድፍረት ፈቃዷን አልሰጠችም። መሥዋዕትነት የራስን መስጠት ነው፤ የሌላውን ሕይወት ሳይጠይቁ መስጠት ግን ሌላ ስም አለው።

«ታዲያ አደጋው እስኪጠፋ ድረስ ቆመን እንይ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ በተዛመተ ጊዜ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች በበሽታው ተይዘው ከ500 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከእነርሱ አንዱ የሴራሊዮኑ ሐኪም ሼክ ኡመር ካን ነበሩ። አደጋውን እያወቁ ከታማሚዎቻቸው አልሸሹም። በብዙ ስፍራ በቂ ጓንትና መከላከያ ልብስ አልነበረም፤ ይህን ማቅረብ ደግሞ የላኪው ግዴታ እንጂ የተላከው ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባልንጀራን ለመርዳት ግድ ሆኖ የሚቀበሉት አደጋ አለ፤ ከችኮላ፣ ከስንፍና ወይም ከውዳሴ ፍለጋ የሚጨመር አደጋም አለ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ አደጋ ለተጎጂው ምን ይጠቅመዋል? ጓንት አለማጥለቅ ከጥቂት ሰከንድ በቀር የሚያተርፍለት የለም።

ደጉን ሳምራዊ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁስሉን ማሰሩን፣ ሰውየውን በራሱ አህያ ላይ መጫኑን ደጋግመን እናነሣለን። ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ የቀረውን ተመልሶ ሊከፍል ቃል መግባቱን ግን እንዘነጋለን። ለመመለስ ደግሞ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።

ከእናንተ መካከል ነርስነትን ወይም ሕክምናን የምትማሩ አላችሁ። ነገ ባልደረባችሁ በጥንቃቄያችሁ ቢስቅ አትፈሩ፤ «ይልቅ ያንተንም አጥልቅ» በሉት። ከዚህ ተጎጂ በኋላ እጃችሁን የሚጠብቅ ሌላ አለና።