የማገገሚያው ቤት በማን ደጅ ይሠራ?

በሐዋሳ ከተማ እኔ በምኖርበት ሰፈር በአንድ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ዋናው ጉዳይ የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሲሆን፥ በመጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ተነሣ። በሰፈራችን ባዶ በሆነ አንድ ግቢ ውስጥ ለሱሰኞች ማከሚያና ማገገሚያ የሚሆን ቤት እንዲከፈት አሳብ የቀረበ መሆኑ ተነገረን። ስለ ወንበሩ ሲወራ ያንቀላፋ የነበረው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነቃ።

አንዱ ተነሥቶ፥ «ሌባ ወደ ሰፈራችን ሊጠሩብን ነው» አለ። ሌላው የቤቱ ዋጋ እንደሚወድቅ አስቦ ተጨነቀ። አንዲት እናት ልጆቿ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ ደጅ ማለፋቸውን ፈራች፤ የእርሷን ፍርሃት አልነቅፍም፥ እናት ናትና። አንድ ሰው ግን ከሁሉ የጠነከረ ቃል ተናገረ። «ወባ የያዘው ሰው ወባን ሄዶ አልፈለጋትም፤ ሱሰኛ ግን በገዛ እጁ፥ በገዛ ገንዘቡ ያመጣው ነው። ታዲያ እኛ ስለ ምን እንሸከመዋለን?» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቅንቆ ደገፈው። እኔም እንደ እውነቱ ከሆነ መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያን ዕለት ያልመለስሁትን ዛሬ በጽሑፍ ልሞክር።

እርግጥ ነው፥ የመጀመሪያውን የጫት ቅጠል ማንም በጕልበት አላጐረሰውም። ይህን መካድ ሐሰት ነው። ነገር ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢወድቅና እግሩ ቢሰበር፥ ወጌሻው «ማን ውጣ አለህ?» ብሎ ይመልሰዋልን? ጥፋትን መመርመር አንድ ነገር ነው፤ ቍስልን ማሰር ሌላ ነገር ነው። ተከራካሪዬ ብልህ ሰው ነውና ምናልባት እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «እግሩ የተሰበረው ሰው ሲድን ተመልሶ ዛፉ ላይ አይወጣም፤ ሱሰኛው ግን ታክሞ በወጣ በሳምንቱ ይመለሳል።» ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ስለሆነ ቸኩለን ልናልፈው አይገባም።

የነገሩ ምክንያት፥ በሱስ የሚታመመው የሰው ክፍል ራሱ ፈቃድ በመሆኑ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ለመዳን የሚፈቅድበት ልቡ ጤነኛ ነው፤ ሱሰኛው ግን የቈሰለው ሊያድነው በሚገባው በፈቃዱ ላይ ነው። ቃሚዎች ሐራራ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። ከምሳ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ሰውነት ይከብዳል፥ አፍ ያዛጋል፥ ነገሩ ሁሉ ያስቈጣል፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል። በርጫ ላይ ውሎ የመረቀነው ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በማግሥቱም የመጠጡን ድካም ለማባረር ተመልሶ ጫት ይፈልጋል። እንዲህ እያለ አንዱ ሱስ ለሌላው በር ይከፍትለታል። መጠጡማ ሲቋረጥም አደጋ አለው። ለብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፤ አንዳንዱንም ያንዘፈዝፈዋል፥ ሐኪም ካልደረሰለትም ሊሞት ይችላል። ጠበልንና ጸሎትን ከሚያቃልሉት ወገን አይደለሁም፤ በጸሎት አድጌአለሁ። ሆኖም ጸሎቱ በአልጋው ራስጌ፥ ሐኪሙም በግርጌው ቢቆሙ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

በ1935 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ አገር፥ በአክሮን ከተማ፥ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ መጠጥን የተዉበት ማኅበር ተጀመረ፤ በኋላም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ከሁለቱ አንዱ ሐኪም ነበረ። መጠጥ ጕበትን ምን እንደሚያደርግ ያ ሐኪም ከማናችንም ይልቅ ያውቅ ነበር፤ ግን ዕውቀቱ ብቻውን አላዳነውም። ያዳነው እንደ እርሱ የተያዘ ሌላ ሰው አጠገቡ መቀመጡ ነው። እንግዲህ «ምክር ይበቃዋል» ለሚሉት፥ ሐኪሙን ማን ሊመክረው ኖሯል?

አሁን ደግሞ የሰፈሬን ሰዎች ጥቂት ልቈጣ። ከወንዶ ገነት የሚመጣው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በመኪና ሲበር ሁላችንም እናያለን። የሚበረውም በከንቱ አይደለም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ነገር፥ ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ኀይሉ ይደክማል። በዚህ ሩጫ ገበሬው፥ ጫኙ፥ ሾፌሩ፥ በመንገድ ዳር ተቀምጣ የምትሸጠዋ እናት ሁሉም እንጀራቸውን ይበላሉ። ጫት ከሀገራችን ዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነው። ልጆቿን በጫት ሽያጭ የምታስተምረውን መበለት ልረግም አልችልም፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ደብተራቸው የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነበረ። ነገር ግን በሰፈራችን የመጀመሪያው የበርጫ ቤት ሲከፈት ስብሰባ አልተጠራም። ሁለተኛውም ሲከፈት አልተጠራም። ሺሻው ሲጨመር ዝም አልን፤ ኪራዩ ጥሩ ነበረና። ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ይህ ሕግ በዐይናችን ፊት ሲጣስ «የሰፈራችን ስም ጠፋ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ማቍሰያው ቤት ሲከፈት ዝም ያለ ሰፈር ማከሚያው ሊከፈት ሲል እንዴት አፍ አወጣ? በዚያ ስብሰባ ላይ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ ለበርጫ ቤት ያከራየ ሰው ነበረ። ስሙን አልጠራም፤ ቡና ያጠጣኛል።

ስለ ሰፈሩ ስም ከተነሣ፥ አዲስ አበባ የሚገኘውን አለርትን አስታውሳለሁ። በ1965 እ. ኤ. አ. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበረ። ያን ጊዜ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ማለት ከከተማ ዳር የሚቀመጥ፥ ሰው ጥላውን የሚሸሸው ማለት ነው። ዛሬ ከተማው አድጎ ሆስፒታሉን ከቦታል፤ ለቆዳው፥ ለዐይኑ፥ ለሌላውም ሕመሙ ከየሰፈሩ የሚመጣው ሰው በዚያው ደጅ ተራ ይጠብቃል።

ያን እሑድ ክርክሩ ሲበረታ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ተነሡ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፥ በሶንጎ፥ ነገር የሚጀመረው «አፊኒ?» በሚል ቃል ነው፤ «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ባለጉዳዩ ሳይሰማ አይፈረድም። እርሳቸውም፥ «ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርን፤ ከእነርሱ ግን ማንን ሰማን? ከመካከላችን ልጁ፥ ወንድሙ የተያዘበት ሰው የለምን?» አሉ። እጁን ያነሣ አልነበረም። እኔ የማውቃቸው ሦስት ቤቶች አሉ፤ የሦስቱም ባለቤቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ልጁን ለሕክምና አዲስ አበባ ልኮት ሳለ፥ «ሥራ አግኝቶ ሄደ» ብሎ ነግሮናል።

እኔም አንገቴን የደፋሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት፥ ጂኦሜትሪ እንደ ጨዋታ የሚቀለው አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ሁለት ጊዜ ምርቃና ላይ ሆኖ ክፍል ገባ። ለሌሎቹ መቀጣጫ እንዲሆን ብዬ እንዲባረር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር፤ ከመጻፌ በፊት ልጁን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁትም። ዛሬ በአውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማል። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ነገር ግን ሲያየኝ እስከ ዛሬ ድረስ ጫት የያዘበትን እጁን ከኋላው ደብቆ ነው በሌላው እጁ የሚጨብጠኝ።

ከስብሰባው በኋላ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። ሻይ አዘዝንና፥ ቤቱ ቢከፈት ትገባለህን ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየ። «ጋሼ፥» አለኝ፥ «መግባቱንስ እገባ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው በደጁ ቆሞ እያየኝ እንዴት አድርጌ ልግባ?»

የሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ አብሮኝ እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። እስካሁን እሺም እምቢም አላለኝም።