የእጅዋ ሥራ ይመስክር

(ሐዋ. 9፡36-42)



በጫንጮና በሱሉልታ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሰው ሲያርፍ በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ያረፈው በመንግሥት ሥራ የቆየ አባት ከሆነ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ ያገለገለበት መሥሪያ ቤትና ያገኘው ማዕረግ በየተራ ይዘረዘራል። እናት ስትሆን ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው፣ ተወለደች፣ ትዳር ያዘች፣ ይህን ያህል ልጆች አፈራች፣ አረፈች የሚል ብቻ ነው። ሥራዋም «የቤት እመቤት» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ካህናትም ይህን እየሰማን ዝም ብለናልና ጥፋቱ የእኛም ነው።

ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ያቈየልን የአንዲት ሴት መታሰቢያ ግን ከዚህ ይለያል። በኢዮጴ የምትኖር ጣቢታ፣ ማለት ዶርቃ፣ የተባለች ደቀ መዝሙር ታማ ሞተች። ጴጥሮስ ከልዳ ተጠርቶ ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜ፣ መበለቶቹ እያለቀሱ ዶርቃ የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት። የእርስዋን ሕይወት ለመግለጥ ከዚያ የተሻለ ምስክር አልነበራቸውም። ልጆች እንደ ነበሩዋት መጽሐፉ አይነግረንም፤ ነገር ግን እጅዋ ለብዙዎች የእናት እጅ ሆኖ ነበር። ጴጥሮስም ተንበርክኮ ጸለየ፤ ጌታም ሕይወትዋን መለሰላት።

እስቲ እኛም ወደ ቤታችን እንመልከት። እናት ማለዳ ላሚቱን አልባ፣ ኩበቱን ጠፍጥፋ፣ እንጀራውን ጋግራ ስታበቃ፣ ለዕረፍት በተቀመጠችበት ሰዓት እንኳ እንዝርትዋን ታነሣለች። ባዘቶው ፈትል፣ ፈትሉም በሸማኔ እጅ ጋቢ ይሆናል፤ ጋቢውን የምንለብሰው እኛ ነን። ወይም ስንደዶና አክርማ ይዛ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ዙሩን በዙር ላይ ትሰፋለች። መሶብ በአንድ ቀን ተሰፍቶ አያልቅም፤ የታችኛው ዙር ከላላ የላይኛው ሁሉ ይጣመማል። ልጅን በእምነት ማሳደግም እንዲሁ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ ነው። ብዙዎቻችን ማማተብን የተማርነው በዚያ መሶብ ዙሪያ፣ ከማዕድ በፊት፣ ከእናታችን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብን «የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን» ማለቱ ይህንኑ ያስገነዝበናል።

እንዲህ ያለው ሕይወት የቅድስና መንገድ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን መስክራለች። በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ የኖረችው ዜሊ ማርቲን (እ.ኤ.አ. 1831-1877) በመርፌና በክር ዳንቴል የምትሠራ ባለ እጅ ነበረች። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን በልጅነታቸው ቀበረች፤ የቀሩት አምስቱ ሴቶች ልጆችዋ ሁሉም ደናግል ሆኑ፤ የመጨረሻይቱም የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ ናት። ባለቤትዋ ሉዊ ሰዓት ሠሪ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ግን የራሱን ሥራ ትቶ የእርስዋን ሥራ ሊያግዝ መጣ። ዜሊ በጡት ነቀርሳ ታማ በ45 ዓመትዋ አረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱን ባልና ሚስት በአንድነት ቅዱሳን ብለው ዐወጁአቸው።

የሉዊን ነገር ልብ እንበል። እናትን ከሞተች በኋላ ማወደስ ቀላል ነው፤ በሕይወት ሳለች ከሸክምዋ መካፈል ግን ፍቅርን ይጠይቃል። ውኃውን ያልቀዳንላት፣ የታመመች ዕለት ያላሳረፍናት እናት፣ በመቃብርዋ ላይ የምናፈስሰው እንባ ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሐዘን በደረሰበት ቤት የእናት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ልጆችዋን ጠይቁ፦ በእጅዋ ምን ትሠራ ነበር? ማንን አለበሰች? ማንን አበላች? ሙያዋን ማን ተማረላት? የትኛውን ጸሎት አስተማረቻችሁ? መልሱ ይጻፍ፤ በጉባኤው ፊትም ይነበብ። እናታችሁ በሕይወት ያለችላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ከእጅዋ አንዱን ሥራ ተቀበሉአት።

ጣቢታን በእጅዋ ይዞ ያስነሣት ጴጥሮስ ነበረ፤ ያረፉ እናቶቻችንን ግን በመጨረሻው ቀን ጌታ ራሱ ያስነሣቸዋል። እስከዚያ ድረስ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ እኛንም የጀመሩትን የምንቀጥል ያድርገን። አሜን።