ማሳህን በሙሉ ለማሾ አትስጥ

የወንድሜ ልጅ፣ የማሾ ዋጋ ልብህን እንደወሰደው ሰማሁ። የካራቆሬውን ማሳ ጠቅልለህ ማሾ ልትዘራ፣ የአባትህን የጤፍና የማሽላ ዘር ደግሞ ገበያ ልታወጣ ነው አሉ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ማሾን ጠልቼ አይደለም፤ ሁለት ወር አለፍ ሲል ስለሚደርስ ዝናብ ቢያጥርም ያዋጣል። ግን አሮጌውን ሳይለቁ አዲሱን መሞከርን ከጤፍህ ተማር።

ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፤ 20ው ከአንድ የዱር ሣር የመጣ ነው፣ 20ው ከሌላ። እንዲህ ያለ ዲቃላ ብዙ ጊዜ መካን ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች፤ ምስኪን፣ 63ቱ ክሮሞዞሟ እየተጣመረ ስለማይገጥም ልጅም የላት። የጤፍ ቅድመ አያት ከዚህ ያመለጠው ያለውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዳቢ በተባለው ጤፍ ላይ የወጣው የጂኖም ጥናት ይህ እጥፍ የሆነበትን ዘመን ከ1 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ አለፍ ያደርገዋል።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። አንዱ የጂን ቅጂ የቆየ ሥራውን ይዞ ከቆመ፣ ሌላው ቢስት ተክሉ አይሞትም፤ እየሳተም አዲስ ሥራ ይለምዳል። ብዙውን ጊዜ ትርፉ ቅጂ በዘመን ብዛት ይጠፋል። በጤፍ ግን አብዛኞቹ ጥንዶች ዛሬም አሉ፤ አንዱ ወገን በአንዱ የተክሉ ክፍል ሲበረታ ሌላው በሌላው እየበረታ ሥራ ተከፋፍለዋል። የጣና ባርበስ ዓሦችማ ስድስት እጥፍ ናቸው፣ 150 ክሮሞዞም! በአንድ ሐይቅ ውስጥ ስንት ዓይነት ሆነው እንደተለያዩ ባሕር ዳር ስትሄድ ዓሣ አስጋሪ ጠይቅ።

እጥፍ መሆን ዕዳም አለው። ጤፍ እንዳይጋሽብ አገዳውን ሊያሳጥሩ የሚደክሙ ሰዎች አንዱን ጂን ቢለውጡ ሌላው ይሸፍንባቸዋል። ማዳቀሉም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ አበባው ማለዳ 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ ከደረሱበት በኋላ ነው እነ ቁንጮ የተባሉት የጤፍ ዝርያዎች የተገኙት።

ደግሞ እጥፍ መሆን ብቻውን ጀግና አያደርግም። ማሽላህ 20 ክሮሞዞም ብቻ ይዞ፣ ጤፍ የሚጠወልግበትን የይፋት ፀሐይ ችሎ ይቆማል።

እና እንዲህ አድርግ። ከመንገዱ በታች ያለውን ለማሾ ስጠው፤ የላይኛው ማሽላና ጤፍ ይሁን። ማሾው ሁለት ክረምት ካላሳፈረህ ድንበሩን ገፋ አድርገው። ለእናትህም ንገራት፣ ከምድጃው በላይ ጭስ እንዲጠጣ የተንጠለጠለውን የዘር ማሽላ ማንም እንዳያወርደው። ማሾውንም ቢሆን ለዘር የሚሆነውን ሳትለይ ለነጋዴ እንዳትሰፍር፤ ሰኔ ላይ የራስህን ዘር በእጥፍ ዋጋ ይሸጥልሃል።