ሦስት ኪስ፣ አንድ ደብተር

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው ሰው እንጀራው ከጋራዡ ብቻ አይመጣም። ከጎኑ የመለዋወጫ ሱቅ ይኖረዋል። ሚኒባሱን ለሹፌር ሰጥቶ ማታ ማታ ሒሳብ ይቀበላል። ቱሉ ዲምቱ የደረሰውን ኮንዶሚኒየምም አከራይቷል። ሁሉም የላቡ ፍሬ ነው፣ አይነቀፍም። ሐምሌ ሲገባ ግን ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚያስታውቀው የጋራዡን ብቻ ነው፤ ሌላውን «እንጥፍጣፊ» ይለዋል። እንጥፍጣፊው አንዳንዴ ከዋናው ይበልጣል።

አብዛኛው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚደብቀው፤ «ሁሉም ተደምሮ ይውጠኛል» ብሎ ፈርቶ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ለያይቶታል፦ ደመወዝ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ «ለ»፣ ንግድ «ሐ»። ፋብሪካ ተቀጥራችሁ ማታ ሱቅ የምትከፍቱ፣ የደመወዛችሁን ግብር አሠሪያችሁ ቆርጦታል፤ ከሱቁ ትርፍ ጋር አይደመርም። ኪራዩም ለብቻው ይሰላል። ጋራዡ፣ ሱቁና ሚኒባሱ ግን ሦስቱም ንግድ ናቸውና አብረው ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ነው ብልጠት የሚጀመረው። ሱቁ በሚስት ስም፣ ሚኒባሱ በወንድም ስም ይሆናል፤ ሁሉም በየፊናው ከግብር ከፋይ ደረጃው ወሰን በታች እንዲቀር። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የግብሩን ነገር ለጊዜው ተዉትና ስለ ቤተሰቡ አስቡ። ወንድም ያገባል፣ ይጣላል፣ ይሞታል። ያን ጊዜ ሚኒባሱ የማን እንደሆነ የምትመሰክረው ሊብሬዋ ናት፤ እሷ ላይ ደግሞ ስማችሁ የለም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ዛሬ ስልክም ያወጣዋል። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ተከራዩም ደንበኛውም የሚከፍለው ዱካ እየተወ ነው። ገቢውን አሳንሶ ያስታወቀ ሰው በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ከጎደለው ግብር በላይ የዚያኑ 10 በመቶ ይቀጣል፤ ሲደግም 30፣ ሲሠልስ 40 በመቶ።

በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአምቦና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘግተው፣ ሕዝብ ተቆጥቶ ነበር። ቅሬታው መሠረት አልነበረውም አልልም። አንድ ገማች በር ላይ ቆሞ ዓይቶ የዓመት ገቢን ሲበይን ማን ደስ ይለዋል? ግን «የኔ ሽያጭ ይኸውና» ብለን ደብተር ማውጣት የምንችል ስንቶቻችን ነበርን? ባዶ እጁን የተከራከረ ነጋዴ ያለው መሐላ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ፤ ሽፋኑ ወፍራም ቢሆን ደግ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ዘይት አይምረውም። ለእያንዳንዱ ኪስ የየራሱን ገጽ ስጡት፦ ለሱቁ፣ ለሚኒባሱ፣ ለኪራዩ። ሹፌሩ ያስገባውን ዕለቱን ጻፉ፤ ለጎማና ለጥገና ያወጣችሁትንም ደረሰኙን ይዛችሁ ጻፉ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ በተቆጣጣሪ ፊት እንዳልወጣ ነው። የቤት አስቤዛ እዚያ ውስጥ አይግባ። የሱቁን ገንዘብ ለልጅ ትምህርት ቤት ያወጣ ሰው ትርፉን ራሱም አያውቀውም፤ ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅም የሚያሳየው የለውም።

አምና ያልተነገረ ገቢ ካለ፣ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያስገባችሁትን ማስታወቂያ እንዲሻሻል ማመልከት ሕጉ ይፈቅድላችኋል። ለማስታወቅ ስትሄዱ ደግሞ ሐምሌ ሳይጋመስ ይሁን፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰልፉ ደጅ ይወጣል፣ ክረምቱም ዝናብ ነው።