ዮሴፍ፦ ጭማሪን የለመነ ስም



በቅርቡ አንድ ወጣት አባት የልጁን የጥምቀት ስም ሊያስመዘግብ ወደ ቁምስናችን መጥቶ «ዮሴፍ ይባልልኝ» አለ። ምክንያቱን ብጠይቀው «አጠራሩ ደስ ይላል» ከማለት በቀር አልመለሰልኝም። አልወቀስሁትም፤ ብዙዎቻችን ስም የምናወጣው እንዲሁ ነው። ይህን ስም አስቀድማ ያወጣችው እናት ግን ስለ አጠራሩ አላሰበችም።

ራሔል ማኅፀኗ ተዘግቶ፣ እኅቷ ልያ ልጅ በልጅ ላይ ስትወልድ እያየች ብዙ ዘመን ኖረች። በመጨረሻ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ እግዚአብሔር ነቀፌታዋን እንዳራቀላት ተናገረች፤ ሌላም ልጅ እንዲሰጣት በመለመን ዮሴፍ አለችው፤ በዕብራይስጥ «ይጨምር» ማለት ነው (ዘፍ. 30፥22-24)። የእኛም እናቶች ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወልዱ ካሳ፣ ምትኩ እያሉ ይሰይማሉና እንዲህ ያለው አሰያየም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ራሔል የለመነችው ጭማሪ መጣ፤ እርሷ ግን ብንያምን ስትወልድ በመንገድ ላይ ሞተች (ዘፍ. 35፥16-19)።

በምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች ዘንድ ይህ ስም ለረጅም ዘመናት ለልጅ እምብዛም አይወጣም ነበር። ዮሐንስና ጴጥሮስ በየመንደሩ ሲጠሩ የእመቤታችን እጮኛ ስም ተሸሽጎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1479 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በዓሉን በሮማ ሥርዓት አስገቡ። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላም በ1562 የመሠረተችውን የመጀመሪያ ገዳም በስሙ ሰየመች። ከዚያ ወዲህ በስፓኝ ሆሴ፣ በኢጣልያ ጁሴፔ የማይባልበት ቤተ ሰብ ጥቂት ሆነ፤ በኦስትሪያ ነገሥታቱ ሳይቀሩ ተጠሩበት። በ1870 ፒዮስ 9ኛ ቅዱስ ዮሴፍን የኩላዊት ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው አወጁ። ዛሬ በስፓኝ ለአራስ ልጅ ሆሴ የሚሉ ወላጆች ከአያቶቻቸው ዘመን ይልቅ አንሰዋል።

ስሙ ቢነሣም ቢወድቅም ባለ ስሙ የሚከፋ አይመስለኝም፤ በአራቱም ወንጌላት ከአፉ የወጣ አንዲት ቃል አልተጻፈችለትምና። ማርያም ፀንሳ ባገኛት ጊዜ ሊተዋት ያሰበውም በስውር ነበር። መልአኩ በሕልም ተገልጦ ሁለት ነገር አዘዘው፤ እጮኛውን እንዲወስድ፣ የሕፃኑንም ስም ኢየሱስ ብሎ እንዲጠራ (ማቴ. 1፥18-25)። በሥጋ ያልወለደውን ልጅ ስም በማውጣቱ በሕግ ፊት አባቱ ሆነ። ወንጌላዊው ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ ሥራው የጻፈለት ስለዚህ ነው።

ይህን ለዚያ ወጣት አባት ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚህ ልጅ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባቸው እንደ ነበር የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ማንነቱን ሳልገልጥ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። መዝገቡን ከፍቼ «ዮሴፍ» ብዬ ጻፍሁ። እርሱም ፊደሉን እስክጨርስ ቆሞ ያይ ነበር።