ስለ አሮጌ በገናና ስለ አዲስ አውታር

አሮጌ ዕቃ የወረሰ ሰው ሁለት ዕዳ ይወርሳል። አንዱ ዕቃው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ማሠራት ነው። እነዚህ ሁለት ዕዳዎች ብዙውን ጊዜ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ቶሎ አይፈርስምና። አንዳንድ ጊዜ ግን ይጣላሉ፤ ጠባቂው «አትንካው» ሲል አሠሪው «አድሰው» ይላል። ይህን ጠብ በግልጥ ማየት የሚሻ ሰው አውታሩ የተበጠሰ አሮጌ በገና ይመልከት።

በወላይታ ምድር በዲምቱ የሚኖር አንድ ወጣት ከአያቱ በገና ወረሰ እንበል። ገበቴው ደኅና ነው፤ በላዩ የተወጠረው ቆዳ ጠቈረ እንጂ አልተቀደደም፤ ሁለቱ ምሰሶዎችና ቀንበሩም ከምስጥ ተርፈዋል። ከዐሥሩ አውታር ግን የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ደርቀው እንደ ገለባ ይሰበራሉ። አያቱ በሕይወት ሳሉ አውታሩን ከበግ አንጀት በእጃቸው ያከሩት ነበር፤ ልጁ ግን ይህን ጥበብ አልተማረም። ከሱቅ የሚያገኘው ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ዓይነት የናይለን ክር ነው፤ ካልሆነም የብረት ሽቦ አለ። እንግዲህ የቱን ይምረጥ? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን የአያቱን ድምፅ በሌላ ድምፅ ለውጦ «ይህ የአያቴ በገና ነው» ቢል እውነት ተናገረ ይባላልን? አውታር አጣሁ ብሎስ በገናውን በግድግዳ ላይ ቢሰቅለው አደራውን ጠበቀ ይባላልን?

አስቀድሞ የአንጀት አውታር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በጉ ሲታረድ አንጀቱ ይታጠባል፤ ሞራውና ሥጋው ተፍቆ ይወጣል፤ ከዚያም ይከረርና በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ይደርቃል። ሥራው ትዕግሥት ይሻል፤ በአንድ ስፍራ የወፈረ በሌላው የቀጠነ አውታር ቅኝት አይቀበልምና። በገና ይልቁንም የሚደረደረው በዐቢይ ጾም መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በጾም ደግሞ በግ አይታረድም። ስለዚህ በገና ደርዳሪው የጾሙን አውታር በፍስኩ ወራት ማዘጋጀት ግዴታው ነው፤ ከቅበላ በፊት ያላሰበ ሰው በጾሙ መካከል ቢበጠስበት ምንም የለውም። የቅኔ መምህራን እንዲህ ያለውን ነገር ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ የፍስክ ምግብ የነበረው በግ አንጀቱ የጾም ድምፅ ይሆናልና። ሆድ ሲሞላ የሚያርፈው ያ አካል ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ተከርሮ፣ ተወጥሮ ሲደርቅ ጸሎት ያሰማል። ጾመኛውም የሚሻው ይህንኑ ነው። አማርኛችንም ልብ የሚነካውን ዜማ «አንጀት ይበላል» ማለቱ ያለ ነገር አይደለም።

«ይህ ሁሉ ምሳሌ ነው፤ እግዚአብሔር የሚሰማው ልብን እንጂ ክርን አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሩቅ አይወስደውም። ልብ ብቻውን ከበቃ በገናውም ቅኝቱም አያስፈልግም ነበር። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙሩ ባለ ዐሥር አውታሩን በገና ያነሣል፤ ሊቃውንትም ዐሥሩን አውታር በዐሥሩ ትእዛዛት ይተረጕሙታል። ደርዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በጣታቸው የሚመቱት አምስቱን ወይም ስድስቱን አውታር ብቻ ነው፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ። ታዲያ «የማይሰማው አውታር ምን ቢሆን ምን ቸገረኝ» ብሎ በዚያ ሲባጎ የሚያስር ሰው አለ። ጆሮ አያውቅበትም። ሆኖም ማንም ከማያይበት ትእዛዝ ጋር እንዴት እንደሚኖር ከዚህ ይታወቃል፤ ስለዚህ የዲምቱው ልጅ ዐሥሩንም ይለውጥ።

ናይለንን ማዋረድ ደግሞ ፍርድ ማጓደል ነው። ይህ ክር በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንጀት ለቁስል መስፊያ ስለ ተፈለገ ለጊታር የሚሆነው አውታር ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልበርት አውጉስቲን የተባለ ጊታር ሠሪ ከስፔናዊው ጊታር መቺ ከአንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ የናይለኑን አውታር አወጣ። በችግር የተገኘ መፍትሔ ነበር፤ ችግሩ ካለፈ በኋላም ናይለኑ ቀረ። እርጥበት እንደ አንጀት አያላላውም፤ በዝናብ ወራት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉድለቱ በድምፁ ነው። በብርኩማውና በአውታሩ መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ትባላለች፤ በገናን ከክራር የሚለየው ያ የሚያንዘረዝር ድምፅ ከእርስዋ ይወጣል። አንጀት ሸካራ ስለ ሆነ ከእንዚራው ጋር ይተሻሻል፤ ናይለን ግን ለስላሳ ነው፤ እንዚራዋን ደጋግሞ ካላስተካከሉ ድምፁ ባዶ ይሆናል።

የብረቱ ሽቦ ነገር ግን ሌላ ነው። ስለ እርሱ ማንዶሊን የተባለው የኢጣልያ መሣሪያ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ማንዶሊን በአራት ጥንድ የተሰለፉ ስምንት አውታሮች አሉት፤ ቅኝቱም የቫዮሊን ነው። በአዲስ አበባ አየለ ማሞ በዚህ መሣሪያ ስሙ የታወቀ ነው። በጥንት ጊዜ የናፖሊ ማንዶሊን አንጀትም የናስ ሽቦም ይታሰርበት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ፓስኳሌ ቪናቻ የተባለው ሠሪ የብረት አውታርን ሲያመጣ የመሣሪያውን አካል አጠንክሮ ሠራው። ይህ አስተዋይ ሥራ ነው፤ ጭነቱን የሚችለውን አካል አዘጋጅቶ ጫነ። ዛሬ ግን በአሮጌው ማንዶሊን ላይ ወፍራም የብረት አውታር የሚወጥሩ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይጐላል፤ ቀጥሎ አንገቱ ይጐብጣል፤ ፊቱም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አሮጌ መሣሪያ የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ ቀጭኑን አውታር ይመርጣሉ። ድምፁ ያነሰ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ለሚቀጥለው ወራሽ ይደርሳል። በበገናውም ላይ ሽቦ የሚወጥር ሰው የአያቱን ቆዳና ቀንበር ለጆሮው ደስታ መሥዋዕት ያደርጋል። አዲስ በገና በገዛ ገንዘቡ ያሠራ ሰው የወደደውን ቢወጥርበት ማንም አይፈርድበትም፤ ባለአደራ ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

እንግዲህ አውታር ከጥንት ጀምሮ አላቂ ነው። አያትየውም የሞቱት በመጀመሪያው አውታር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት በሌላ ስፍራ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የጉባኤ ቃና ልክ ሁለት ቤት ነው፤ የመወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ይህ አይለወጥም። በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ቅኔ ግን በየዕለቱ አዲስ ነው፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ የሚደግም ባለቅኔ ያፍራል። ገበቴው ልኩ ነው፤ አውታሩ ቅኔው ነው።

በዲምቱ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከክር ያለፈ ነው። ልጁ በገናውን አድሶ መዝሙሩን በወላይትኛ ቢዘምር «አሮጌውን በባዕድ አውታር ወጠረው» የሚል ተቺ ይኖራል። ይህ ተቺ አንጀቱንና ናይለኑን አሳስቶአቸዋል። ሰው የሚያለቅስበት፣ እናቱን የሚጠራበት ቋንቋ ከአንጀቱ የወጣ ነው። ትርጕሙን ሳያውቅ በቃል የሚደግመው ቃል ቢኖር እርሱ ይልቅ ከሱቅ እንደ ተገዛው ክር ነው። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የእምነቱ ቃል በትርጓሜ እንዳይዛባ ለሊቃውንት ማሳየት፣ ቅኝቱንም አለመስበር ነው።

ስለ ክሩ ወደ ተነሣው ነገር ስንመለስ ፍርዱ አስቸጋሪ አይደለም። የናይለን በገና ከዝምተኛ በገና ይሻላል፤ ልጁም ለጊዜው ናይለኑን ቢወጥር ነቀፋ የለበትም፤ ለሚጠይቀው ሁሉ ናይለን መሆኑን ይንገር እንጂ። ነቀፋው የሚመጣው በዚያው ከቀረ ነው። በዲምቱ ገበያ በግ ሞልቶአል፤ በየበዓሉ የሚታረደው በግ አንጀቱ ለውሻ ይጣላል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ክር ግን በገንዘብ ይገዛል። የጠፋው ዕቃው ሳይሆን እጁ ነው። እንዲህ ያለው ጥበብ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቋረጥ በአገራችን ታይቶአል። መምህር ዓለሙ አጋ በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን ያ ትምህርት ተቋረጠ። በገና ከሞት የተረፈው ጥቂት ሰዎች በየቤታቸው እየደረደሩ ስላቈዩት ነው። የተበጠሰ አውታር በአንድ በግ ይተካል፤ የሚያከረው ሽማግሌ ሲሞት ግን ከገበያ የሚገዛ ምትክ የለውም። ስለዚህ ልጁ ናይለኑን በወጠረበት ዓመት ውስጥ አንጀት ማክረር የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፣ ሶዶም አዲስ አበባም ቢሆን ሄዶ፣ ሊማር ይገባዋል።

ሲለውጥም ሁሉን በአንድ ጊዜ አይፍታ። ብርኩማው የቆመው በአውታሮቹ ጭነት ነው፤ ቆዳውም ያንን ጭነት ለብዙ ዘመን ለምዶታል፤ ጭነቱ በድንገት ቢነሣለት ብርኩማው ይወድቃል፣ ቆዳውም ቅርጹን ይለውጣል። አንዱን አሮጌ አውታር ፈትቶ፣ ውፍረቱን በጣቱ ለክቶ፣ በልኩ የተከረረውን አዲስ በስፍራው ያስር፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂድ። ከአያቱ አውታሮች ደኅና የሆነውን አንዱን ለመለኪያ ያስቀር። አዲስ አንጀት ለብዙ ቀን ይለጠጣል፤ በየማታው መልሶ መቃኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዘወረደ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይወጥረው።